«ጠቅ» የምትለዋ ላይተር ባትሪ የላትም፦ ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ባለፈው ሰሞን አንድ ወዳጄ ስለ ላይተርና ስለ ጋዝ ምድጃ ማቀጣጠያ የተጻፈ ጽሑፍ ላከልኝ። «አንተ እንዲህ ዓይነት ነገር ትወዳለህ» ብሎ። እውነትም እወዳለሁ። ቡናዬን ይዤ ተቀመጥኩና አነበብኩት። ቡናው ሳያልቅ ግን ራሴን መነቅነቅ ጀመርኩ።

ጸሐፊው ክፉ ሐሳብ የለውም። ሰው በየቀኑ በእጁ የሚይዘውን ነገር እንዲያውቀው ፈልጎ ነው የጻፈው። አጻጻፉም ይጥማል። ብቻ ከጻፈው ብዙው ስህተት ነው። አብዛኛው ስህተት ማንንም አይገድልም። አንዱ ግን ይገድላል፤ እሱ ጋ ስደርስ ረጋ ብዬ እጽፋለሁ። የቀረውን በእሱ ቅደም ተከተል እየጠቀስኩ እመልሳለሁ።

የመጀመሪያው ነጥቡ ይሄ ነው፦ ስትጫን ጠቅ የምትለው ላይተር ውስጥ እንደ ሰዓት ባትሪ ያለች ትንሽ ባትሪ አለች፤ ባትሪዋ ስታልቅ ላይተሩ ይጣላል።

የለችም። ባትሪ የሚባል ነገር የለም።

ካላመናችሁኝ ጋዟ ሙልጭ ብሎ ያለቀ ላይተር ፈልጉ። ጋዝ ያለባትን እንዳትነኩ። ከላይ ያለውን ቆርቆሮ በቢላ ጫፍ ፈልቅቁት። ከምትጫኑት ቁልፍ ስር የትንሽ ጣት አንጓ የምታህል ጥቁር የፕላስቲክ ነገር ታገኛላችሁ። ከጎኗ ፀጉር የመሰለ ሽቦ ወጥቷል። ይቺን አውጥታችሁ በሁለት ጣት ጫን በሏት። መጀመሪያ ትገፋችኋለች፣ ምክንያቱም ውስጧ ሞላ አለ። ከዚያ ድንገት ትለቃችሁና «ጠቅ!» የሽቦውን ጫፍ ከታች ካለው ብረት ጥቂት ሚሊሜትር አርቃችሁ ከያዛችሁት ሰማያዊ ብልጭታ ዘልሎ ታያላችሁ።

ድምፁ የኤሌክትሪኩ ብቻ አይደለም። ውስጥ ትንሽ መዶሻ አለች። ስትጫኑ ሞላው ይታመቃል፣ መዶሻዋ ግን እንዳትንቀሳቀስ ተይዛለች። ልክ ጫፍ ላይ ስትደርሱ መያዣው ይለቃታል። ተወንጭፋ ሄዳ የስንዴ ፍሬ የምታህል የሴራሚክ ዘንግ ትመታለች። ኤሌክትሪኩ የሚወጣው ከዚህች ዘንግ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከእርሳስ፣ ከዚርኮኒየምና ከቲታኒየም የተሠራች ናት። ስትመታ ወይም ስትጨመቅ ውስጧ ያሉት የኤሌክትሪክ ሙላቶች ከቦታቸው ሸርተት ይላሉ። በአንዱ ጫፍ ፖዘቲቭ፣ በሌላው ጫፍ ኔጋቲቭ ይከማቻል። ሎሚ ጨምቆ ጭማቂ እንደማውጣት ነው ልል ነበር፤ ግን ሎሚ ተጨምቆ ያልቃል። ይቺ አታልቅም። ለዓመታት ብትመቷት ያው ናት።

ታዲያ ጉልበቱ ከየት መጣ? ከአውራ ጣታችሁ። የበላችሁት እንጀራ ነው ብልጭታ የሆነው።

ነገሩን ያገኙት ሁለት ፈረንሳውያን ወንድማማቾች ናቸው፤ ዣክ እና ፒዬር ኩሪ፣ እ.ኤ.አ. በ1880። ፒዬር ያኔ ገና የ21 ዓመት ልጅ ነበር። አዎ፣ በኋላ የማሪ ኩሪ ባል የሆነው ፒዬር ነው። ኳርትዝንና ሌሎች ክሪስታሎችን እየጫኑ ኤሌክትሪክ እንደሚያወጡ አሳዩ። ስሙም ፒዞኤሌክትሪክ ተባለ። «ፒዞ» በግሪክኛ መጫን ከሚለው ቃል የመጣ ነው። የዛሬው ላይተር ውስጥ ያለው የሴራሚክ ዓይነት ግን የመጣው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ነው፤ ከኳርትዝ በጣም ይበረታል።

ስለዚህ ጠቅ እያለች አልበራ ያለች ላይተር «ባትሪዋ አልቆ» አይደለም። ወይ ጋዟ አልቋል፣ ወይ ያቺ ቀጭን ሽቦ ከቦታዋ ተነቃንቃለች፣ ወይ የጋዙ አፍ በቆሻሻ ተደፍኗል። አንዳንዴ ደግሞ በርዷታል። ላይተር ውስጥ ያለው ቡቴን ከዜሮ ዲግሪ ትንሽ ዝቅ ሲል መትነኑን ያቆማል። ብርድ ሌሊት ውጭ አድራ የተኮራመተች ላይተር ብብት ስር ትንሽ ብትቆይ ትነቃለች።

ሁለተኛው ነጥቡ የሚያስፈራ ነው። የላይተር ብልጭታ ከ15,000 ቮልት በላይ ሊደርስ ስለሚችል ልብ ሊያቆም ይችላል ይላል። ቤት ያለው ሶኬት 220 ቮልት ሆኖ ሰው ከገደለ 15,000 ቮልት ምን ሊያደርግ ነው? ብሎ ይጠይቃል።

ቁጥሩ ልክ ነው። አየር ኤሌክትሪክ ዘልሎት እንዲያልፍ ለአንድ ሚሊሜትር ክፍተት 3,000 ቮልት ያህል ይፈልጋል። ላይተር ውስጥ ያለው ክፍተት አራት አምስት ሚሊሜትር ነው። አባዙት። ስህተቱ ቮልቴጅን ከአደጋ ጋር አንድ ማድረጉ ላይ ነው። የሚገድለው በልብ በኩል የሚያልፈው የኤሌክትሪክ ፍሰት (ከረንት) መጠንና የሚቆይበት ጊዜ ነው። ሶኬት ከነካችሁ ከኋላው ግድብ አለ፤ እጃችሁን እስክታነሱ ድረስ ማፍሰሱን አይተውም። ከላይተሯ ኋላ ያለው አንድ የመዶሻ ምት ነው። ዓይን ሳይርገበገብ ያልቃል።

በቁጥር ላሳያችሁ። አንድ የላይተር ብልጭታ ይዞ የሚወጣው ጉልበት ከአንድ ሚሊጁል እስከ ጥቂት ሚሊጁል ነው። አንድ ሚሊጁል ስንት ነው? ስድስት ሰባት ፍሬ ቡና፣ ማለትም አንድ ግራም ገደማ፣ ከጠረጴዛ ላይ አሥር ሳንቲሜትር ለማንሳት የሚያስፈልግ ጉልበት ነው። በበጋ ሹራብ ስታወልቁ የሚንጣጣው ብልጭታም በሺዎች የሚቆጠር ቮልት ነው። ማንም በሹራብ ሞቶ አያውቅም።

የእህቴ ልጅ ይሄን ከኔ በፊት ያውቃል። ያቺን ጥቁር ነገር ከላይተር አውጥቶ ክፍል ውስጥ የጓደኞቹን ክንድ ጠቅ ሲያደርግ ተይዞ ወላጅ አምጣ ተብሏል። የሄድኩት እኔ ነኝ። «ጋሼ፣ ምንም አይልም እኮ፣ ይነዝራል ብቻ» አለኝ መንገድ ላይ። እኔም ላይ ሞከረው። ይነዝራል ብቻ።

በሁለት ሰው ላይ ግን አትቀልዱ። የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ የተገጠመለት ሰው ላይ፣ እና ቤንዚን የነካው ሰው አጠገብ።

ሦስተኛ፣ ጸሐፊው ሁሉንም «የኤሌክትሪክ ላይተር» በሚል አንድ ጆንያ ከቷቸዋል። የመኪናውን፣ በዩኤስቢ ቻርጅ የሚደረገውን፣ የምድጃውን። በአንድ መንገድ ነው የሚሠሩት ይላል። አይደለም። የመኪናው ጭራሽ ብልጭታ የለውም። በ12 ቮልት የሚግል የተጠመጠመ ሽቦ ነው፤ ሲግል ቅርጹን የሚለውጥ ብረት ይለቀውና ራሱ ብቅ ይላል። የመኪና ካንዴላ ግን የብልጭታ ዘመድ ነው፤ የባትሪው 12 ቮልት በመጠምጠሚያ ተባዝቶ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ቮልት ይሆናል።

በዩኤስቢ ቻርጅ የሚደረገው ደግሞ እውነተኛ ባትሪ አለው፤ እንደ ስልካችሁ ሊቲየም። ባትሪው 3.7 ቮልት ብቻ ነው። ትንሽ ሰርኪዩት ይሄን ኤሌክትሪክ በሰከንድ በሺዎች ጊዜ እየቆራረጠ ወደ ጥፍር የምታህል ትራንስፎርመር ይልከዋል። እዚያ ቮልቴጁ ይባዛና በሁለቱ ጫፎች መካከል ወይን ጠጅ የመሰለች ሐረግ ትዘረጋለች። ፕላዝማ የሚሏት እሷ ናት። ጆሮ ያለው ሰው «ሲሲሲ» የሚል ቀጭን ድምፅ ይሰማል። ከጠቅታዋ የሚለያት ትልቁ ነገር አለማቋረጧ ነው። ጠቅ የምትለዋ ነዝራ ትጠፋለች። ይቺ ጣት ካገባችሁባት ታቃጥላለች። ከላይ «ምንም አይልም» ያልኩት ለዚህኛዋ አይሠራም፤ የእህቴ ልጅም ይሰማ።

አሁን ወደ ወጥ ቤት እንግባ። እዚህ ጸሐፊው ብዙ ሰው አላስፈላጊ ወጪ ውስጥ ይከታል።

አንዱን ማዞሪያ ስትጫኑ አራቱም የምድጃው አፎች ጠቅ ጠቅ ካሉ «ኤሌክትሪክ እየሾለከ ነው፣ ባለሙያ ጥሩ» ይላል። አትጥሩ። የተሠራው እንደዚያ ነው። ከምድጃው ሆድ ውስጥ አንዲት ሳጥን አለች። ከሶኬት ወይም ከድንጋይ ባትሪ ኤሌክትሪክ ወስዳ ካፓሲተር ውስጥ ታጠራቅማለች፤ ሲሞላ በአንዴ ትራንስፎርመር ላይ ትደፋዋለች። ያ ነው አንዱ «ጠቅ»። እንደገና ይሞላል፣ እንደገና ይደፋል። ከሳጥኗ የሚወጡት ሽቦዎች ወደ ሁሉም አፎች ይሄዳሉ። ለእያንዳንዱ አፍ ለየብቻ ሳጥን ከመግጠም ይሄ ይረክሳል። ብልጭታው አራቱም ጋ ይሄዳል፣ ጋዙ ግን የሚወጣው ካዞራችሁት ብቻ ነው።

መብራት ሲጠፋ የጋዝ ምድጃ አይሠራም የሚለውም እንዲሁ ነው። ጋዙ መብራት ኃይልን አይጠብቅም። የጠፋው ጠቅታው ነው። ክብሪት ጫሩና ለኩሱ። ጸሐፊው አክሎ፣ ማዞሪያውን ለቀቅ ሲያደርጉት እሳቱ የሚጠፋ ከሆነ ቁልፉ ተበላሽቷል ይላል። ብዙ ምድጃዎች ላይ ከእሳቱ አጠገብ ሁለት ዘንጎች አሉ። ነጭ ሴራሚክ የለበሰው ብልጭታ የሚሰጠው ነው። ሁለተኛው፣ መዳብ የሚመስለው፣ ቴርሞካፕል ይባላል። እሳት ሲያሞቀው ራሱ ጥቂት ሚሊቮልት ያመነጫል፤ በዚያች ቅንጣት ኤሌክትሪክ የጋዙን ቫልቭ ከፍቶ ይይዛል። እሳቱ በንፋስ ከጠፋ ይቀዘቅዝና ጋዙን ይዘጋል። እስኪሞቅ ጥቂት ሰከንድ ይፈልጋል። ማዞሪያውን ተጭናችሁ አምስት ስድስት ሰከንድ ቆዩ። ቆይታችሁም ከጠፋ ያኔ ዘንጉን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት።

ጠቅ እያለ የማይቀጣጠል ወይም ሳይነኩት ዝም ብሎ ጠቅ ጠቅ የሚል ማቀጣጠያ «ሞቷል፣ ይቀየር» የሚለውን ሳነብ የራሴን ገንዘብ አስታወስኩ። አንድ እሑድ እናቴ ምድጃውን በውኃ አጥባ አስለቀሰችው። ማታውን ቤቱ በሙሉ ጠቅ ጠቅ ጠቅ። በማግስቱ የመጣው ጠጋኝ ሳጥኗ ተቃጥላለች ብሎ ዋጋ ቆረጠ። ቀብድ ከፈልን። እስኪመጣ ሁለት ቀን ፈጀበት። በሁለተኛው ቀን ራሱ ዝም አለ። ምክንያቱም የተቃጠለ ነገር አልነበረም፤ ከማዞሪያው ስር ያለው ማብሪያ ውስጥ ውኃ ገብቶ ነበር፤ ደረቀ። ቀብዱ ግን እንደደረቀ ቀረ።

ስለዚህ ከመቀየራችሁ በፊት ማታ ወጥ ቤቱን አጨልሙ። ሲሊንደሩ ተዘግቶ፣ ምንም ሽታ እንደሌለ አረጋግጣችሁ፣ ጠቅ አድርጉና ተመልከቱ። ብልጭታው ከዘንጉ ጫፍ ወደ ምድጃው አፍ ክዳን መዝለል አለበት። ከነጩ ሴራሚክ መሃል በጎን ከወጣ ሴራሚኩ ተሰንጥቋል፤ ያኔ ዘንጉ ይቀየራል። ጫፉ በወጥ ቅባት ከተሸፈነ ጥረጉት። ክዳኑ ተንጋዶ ከተቀመጠ አስተካክሉት፤ ክፍተቱ ከሰፋ ብልጭታው አይደርስም። ከአሥር ዘጠኙ እዚህ ያልቃል ባይ ነኝ።

አሁን ረጋ ብዬ እጽፋለሁ ያልኩት ጋ ደረስን።

ጸሐፊው እንዲህ ይላል፦ ጋዝ ከሸተታችሁ መስኮት ከፍታችሁ ማቀጣጠያውን አንዴ ሁለቴ ጠቅ በማድረግ መሞከር ትችላላችሁ፤ ብልጭታዋ በጣም ትንሽ ስለሆነች ቤት ውስጥ የተበተነ ጋዝ አታቀጣጥልም።

ወንድሜ፣ ይሄን ዓረፍተ ነገር ዛሬውኑ አጥፋው።

ብልጭታዋ ትንሽ ናት፤ እኔም ብያለሁ። ነገር ግን ፕሮፔን ወይም ቡቴን ከአየር ጋር በልኩ ሲደባለቅ ለመቀጣጠል የሚፈልገው ሩብ ሚሊጁል ያህል ነው። ያቺን አንድ ግራም ቡና ሁለት ተኩል ሳንቲሜትር ማንሳት ማለት ነው። ላይተር የተሠራችውስ ለምን ሆነና? ጋዝ ለማቀጣጠል ነው። ላይተር አፍ ላይ ያለውን ጋዝ የምታቀጣጥል ብልጭታ፣ ወለል ላይ የተኛውን የማታቀጣጥልበት ምን ምክንያት አላት?

ወለል ላይ የተኛውን ያልኩት በምክንያት ነው። የሲሊንደር ጋዝ ከአየር ይከብዳል፤ ቡቴን እጥፍ ያህል ነው። ወደ ላይ ወጥቶ በመስኮት አይሸሽም። እንደ ውኃ ወርዶ ምንጣፍ ላይ፣ ከቁም ሳጥን ስር፣ ጓዳ ጥግ ይተኛል። ከአየሩ ውስጥ 2 በመቶ ገደማ ከሆነ በቂ ነው። ጋዙ በራሱ ሽታ የለውም፤ የምንሸተው ሆን ተብሎ የተጨመረ ነገር ነው። ሽታው የመጣው እኛን ለማስወጣት እንጂ ሙከራ እንድናደርግ አይደለም።

የሚደረገው ይሄ ነው። በቀላሉ መድረስ ከተቻለ የሲሊንደሩን አፍ ዝጉ። በሩን በሰፊው ክፈቱ፤ ጋዙ የሚወጣው በታች ነውና ከመስኮት በር ይሻላል። መብራት አታብሩ፤ የበራም ካለ አታጥፉ። ማብሪያ ማጥፊያ ሁሉ ውስጡ ትንሽ ብልጭታ አለው። ፍሪጅ አትንቀሉ። ስልክ መደወል ካለባችሁ ውጭ ወጥታችሁ። ሽታው ሲጠፋ፣ የሚያፈስበትን ለማወቅ የሳሙና አረፋ ጎማውና ሬጉሌተሩ ላይ ቀቡ። አረፋው ከተነፋ እዚያ ነው።

ሳይሸትም ቢሆን፣ ጋዙን ከፍታችሁ ጠቅ ጠቅ እያደረጋችሁ በጥቂት ሰከንድ ካልያዘ ዝጉት። ደቂቃ ጠብቁ። እኔ አንዴ አልጠበቅኩም። «አሁን ይይዛል፣ አሁን ይይዛል» እያልኩ ጎንበስ ብዬ ጠቅ ጠቅ። ያዘ! «ቡፍ» የሚል ድምፅ፣ ፊቴ ላይ ሙቀት፣ ከዚያ የተቃጠለ ፀጉር ሽታ። ቅንድቤ ለሦስት ሳምንት በግማሽ ነበር። ሠርግ ላይ ሁሉ በግማሽ ቅንድብ ተነሥቻለሁ።

በድንጋይ የሚሠራው፣ ጥርሳም ጎማውን በአውራ ጣት የምናሽከረክረው ላይተር «ጊዜው ያለፈበት» ነው ማለቱን ደግሞ በዚህ አገር ሆኖ መጻፉ ገርሞኛል። ያቺ ድንጋይ ድንጋይ አይደለችም። ሴሪየም የተባለ ሌላ የብረት ዓይነትና ተራው ብረት የተቀየጡባት ናት፤ ኦስትሪያዊው ካርል አወር ፎን ቬልስባኽ ናቸው እ.ኤ.አ. በ1903 ያወጧት። ማሾ ላይ የሚታሰረውን ነጭ ከረጢት መሰል ጨርቅም የፈጠሩት እኚሁ ሰው ናቸው። ጎማው ሲፍቃት የሚረግፈው ፍንጣሪ አየር ሲያገኝ በራሱ ይነዳል። ኤሌክትሪክ የለበትም። የሚነድ ብረት ነው፤ ጉልበቱም ከአንድ ቅጽበት ብልጭታ እጅግ ይበልጣል።

ይሄ ከፍታ ላይ ለውጥ ያመጣል። አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል በሩብ ያህል ያንሳል። አየሩ ሲሳሳ ብልጭታ ለመዝለል ይቀለዋል፤ ጥሩ ይመስላል፣ ግን በዝቅተኛ ቮልቴጅ ስለሚዘል ይዞት የሚሄደው ጉልበት ያንሳል። ቮልቴጁ በሩብ ሲቀንስ ጉልበቱ በግማሽ ገደማ ይወርዳል። በዚያ ላይ የሳሳ ጋዝና አየር ለመቀጣጠል የበለጠ ጉልበት ይፈልጋል። ሁለቱም ላይተሯን የሚጎዱ ናቸው። አዲስ አበባ ሆና ትችለዋለች። ስሜን ተራሮች ወይም ባሌ ሳነቴ ላይ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ፣ ጠቅ ጠቅ ብቻ ልትሆንባችሁ ትችላለች። ተራራ የሚወጡ ሰዎች የድንጋዩን ላይተር የሚይዙት ናፍቆት ይዟቸው አይደለም።

የተስማማሁበትም አለ። በዩኤስቢ የሚሠራውን ላይተር መክፈቻው በራሱ ሊጫን በሚችልበት ቦርሳ ውስጥ አትወርውሩ፣ ሲያብጥ ወይም ሲግል አትጠቀሙበት ብሏል። ልክ ነው። ሊቲየም ባትሪ ነውና።

መጨረሻ ላይ «ክብሪት እያለ ይሄ ሁሉ ጣጣ ምን አመጣው? ላይተር እኮ ከክብሪት በኋላ የመጣ ዘመናዊነት ነው» ብሎ ዘግቷል። እዚህም ተገላቢጦሽ ነው። ጀርመናዊው ኬሚስት ዮሃን ዶበራይነር ዚንክና አሲድ አገናኝቶ፣ የሚወጣውን ሃይድሮጂን ፕላቲኒየም ላይ እየነፋ እሳት የሚያወጣ የጠረጴዛ ላይተር የሠራው እ.ኤ.አ. በ1823 ነው። እንግሊዛዊው ጆን ዎከር ተጭሮ የሚነድ ክብሪት መሸጥ የጀመረው ደግሞ በ1827። ላይተሯ አራት ዓመት ትበልጠዋለች።